መሬቱ ሳይደርቅ

ልጆቼ፣ ጎርፍ፣ ወረርሽኝ ወይም ጦርነት የጎዳው ሰው ዘንድ ለሥራ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። እኔ ሳኒተሪያን፣ ማለትም የአካባቢና የውኃ ንጽሕና ጤና ባለሙያ፣ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎንደር ዙሪያ ነው፤ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

የተማርኩበት ኮሌጅ ራሱ ከመከራ የተወለደ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን አብረው ሠልጥነው ገጠር እንዲወርዱ ነበር የታሰበው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው።

የወባ ክፋቱ ጊዜው ነው። ክረምት ወጥቶ አዝመራ ሲደርስ ይነሳል። አጫጁ አልጋ ላይ ወድቆ እህሉ ማሳ ላይ ይረግፋል። ጎረቤት በደቦ ካላጨደለት፣ ከበሽታው የተረፈውን ረሃብ ይጠብቀዋል። ክኒን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የችግሩን ግማሽ ነው ያየው።

ይህ ከልቤ የገባኝ ግን በ1998 ክረምት ማብቂያ ነው። የጣና ዙሪያ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ደምቢያን አጥለቀለቁ። ውኃው ሲጎድል አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ጎታቸው የጭቃና የእበት ነውና ከሥሩ ሟሙቷል። እህሉ አብጦ አቆጥቁጧል። ቤቱ ብቅል ብቅል ይሸታል። እኔ ስለ ውኃ ማከሚያ ማስረዳት ጀመርኩ። እጄን ያዙኝና፣ «ልጄ፣ ውኃውንስ አፍልቼ እጠጣለሁ። ዘር አምጡልኝ፣ መሬቱ ሳይደርቅብኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ጥቁር አፈር ጎርፍ ከሸሸ በኋላም እርጥበት ይዞ ይቆያል። ሽምብራና ጓያ በዚያ እርጥበት ብቻ ይበቅላሉ። ግን ቀን አለው። መሬቱ አንዴ ከተሰነጣጠቀ ዘሩ ቢመጣም ተቆልቶ ይበላል እንጂ አይዘራም። እኛ የያዝነው የእርዳታ ዝርዝር ወረቀት ላይ ዘር የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለሴትየዋ የደረሱላቸው ደጋ ያሉ ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ሽምብራ በአህያ ጭነው ወረዱ። በሬ የተረፈለትም በሬ ላለቀበት አረሰ።

እባካችሁ፣ ስትደርሱ ከማስተማራችሁ በፊት ጠይቁ። «ምን ጎደለ?» ብቻ አትበሉ፤ «በዚህ ሁለት ሳምንት ካልተሠራ የሚያመልጣችሁ ምንድን ነው?» በሉ። የእድሩን ዳኛ ጠይቁ፣ ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ፤ ጎታውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መኪናው ሁሉ ከሄደ በኋላ ደግሞ ተመለሱ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሁለተኛው ወር ላይ ነው ሰው ብቻውን የሚቀረው።

እኔም በጥር ተመልሼ ሄድኩ። አዲሱ ጎታ ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። እማማ ከጓሮ የሽምብራ እሸት ከነሥሩ ነቅለው፣ አፈሩን እያራገፉ መጡና ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። «በል ጠርጥር» አሉኝ።