ክሮም ራሙን ጨረሰው፣ አፕዴቱን ልዝጋ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋባይት። ተማሪው ሁሉ ኢሜይሉን እኔ ጋ ከፍቶ ነው ፕሪንት የሚያስደርገው። ክሮም ላይ አምስት ስድስት ታብ ሲከፈት ቀጥ ይላል። ጓደኛዬ «የሚያከብደው አፕዴቱ ነው፣ ዝጋው» አለኝ። ልስማው?

መልስ፦ እንዳትሰማው ወንድሜ! ለነገሩ የሚዘጋ አፕዴትም የለህም። ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም በ109ኛው ቅጂ ቆሟል፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተገኘው የደህንነት ክፍተት ሁሉ አንተ ጋ እንደተከፈተ ነው።

ራሙን ደግሞ በከንቱ አይበላውም። በ2018 እ.ኤ.አ. ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ሲጋለጥ ክሮም እያንዳንዱን ድረ ገጽ በራሱ ፕሮሰስ (ከሌላው ተለይቶ በሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ለየብቻ ማስኬድ ጀመረ፣ ጉግል ራሱ እንዳለው በዚህ የተነሳ የራም ፍጆታው ከ10 እስከ 13 በመቶ ጨመረ፣ ግን አንዱ ታብ ላይ የተከፈተ ተንኮለኛ ገጽ ከጎኑ ያለውን የተማሪ ኢሜይል እንዳይሰልል የሚከለክለው ይኸው ነው።

እኔ ብሆን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ስርዓተ ክወና እጭንበታለሁ፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ነፃ ነው፣ በ4 ጊጋም ይሠራል፣ ፋየርፎክሱም አፕዴት ያገኛል። ፕሪንተርህ ይቀበለው እንደሆነ ግን ሳትጭነው በፊት ከፍላሽ አስነስተህ ሞክር። ማንም የማይጠቀምባቸውን ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የተጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አጥፋ። ተማሪዎቹንም በፕራይቬት መስኮት አስከፍታቸው፣ ሲጨርሱ መስኮቱን ዝጋው።