አርዳል ኦሃንሎንን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የአየርላንዱን ኮሜዲያን አርዳል ኦሃንሎንን ያወቅሁት «ዴዝ ኢን ፓራዳይዝ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መርማሪ ጃክ ሙኒ ሆኖ ሲጫወት ነው። የቀድሞ ሥራዎቹን ከየት ልጀምር? ልቦለዶቹስ ያስቃሉ?

መልስ፦ በ«ፋዘር ቴድ» ይጀምሩ። ከ1995 እስከ 1998 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የታየ፣ 25 ክፍል ብቻ ያለው አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በ1996 የወጣውን የገና ልዩ ዝግጅት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ምዕራፍ መካከል ይዩት። ኦሃንሎን የዋሁን ወጣት ቄስ ዱጋልን ይጫወታል። ሳቁ ያለው ፊቱ ላይ ነው፤ ነገሩ የሚገባው ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው፣ እሱም ቢሆን ተሳስቶ። አነጋገሩ ፈጣን ከሆነብዎ የግርጌ ጽሑፉን (ሰብታይትል) ይክፈቱ።

ይህ ችሎታ የመጣው ከመድረክ ነው። በ1965 በሞናጋን አውራጃ የተወለደው ኦሃንሎን፣ ደብሊን ውስጥ ለስታንድ አፕ (ብቻን መድረክ ላይ ቆሞ ለማሳቅ) የሚሆን ቦታ እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ፣ በ1988 ከባሪ መርፊና ከኬቨን ጊልዲያ ጋር «ኮሜዲ ሴላር» የተባለውን የኮሜዲ ክበብ ኢንተርናሽናል ባር ውስጥ መሠረተ። ወደ ለንደን ተሻግሮም በ1994 ሃክኒ ኢምፓየር የተባለውን ቲያትር ቤት የአዲስ ኮሜዲያን ውድድር አሸነፈ።

ልቦለዶቹን ግን ዱጋልን ፍለጋ አይክፈቷቸው። በ1998 የታተመው «ዘ ቶክ ኦፍ ዘ ታውን» ጨለማ የዋጠው፣ የሚያስቀውም የሚያስጨንቀውም የአንድ ወጣት ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሌላ ርዕስ ስለወጣ አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ እንዳይገዙ ይጠንቀቁ። በ2022 የወጣው «ብሩሃሃ» በድንበር አካባቢ ከተማ ስለጠፋች ልጅ ነው፤ መርማሪ ታሪክ ለሚወዱ እንደ እርስዎ ላለ አንባቢ የምንመርጠው ይህንኑ ነው።