ነፋስ ሲነሳ «ወፍ የለም»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ጥር ላይ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ወፍ ለማየት ወደ ዝዋይ ወርደን ነበር። ሐይቁ ዳር ያለችው ባቱ ከተማ ስንደርስ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ሐይቁ በነፋስ ይናወጣል፣ ባለጀልባውም «ዛሬ አልወጣም» ብሎን ቁጭ አለ። በማግስቱ ከሰዓት አብያታ ሐይቅ ሄድን፤ እዚያ ደግሞ ነጭ አቧራ ዓይናችን ውስጥ ገብቶ መከራችንን አየን። ፍላሚንጎዎቹን ያየናቸው ከሩቅ ነው፣ ሮዝ መስመር ብቻ። አንዱ ጓደኛችን «ነፋስ ካለ ወፍ የለም፣ አትልፉ» አለን። እውነቱን ነው? ድጋሚ መሄድ እንፈልጋለን። ባይኖኩላርስ 8 እጥፍ የሚያቀርበውን ልግዛ ወይስ 10?
ሰ.፣ ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባለጀልባውን አመስግኚው። ዝዋይ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ነው የሚቆጣው። ጉማሬም አለበት። አልወጣም ያለ ሰው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ጓደኛሽ ግን ተሳስቷል። ወፎቹ የትም አልሄዱም፣ ቦታ ነው የቀየሩት። ትንንሾቹ ደንገልና ፊላ ውስጥ ዝቅ ብለው ይደበቃሉ፣ ዳክዬዎቹ ማዕበል የማይደርስበት ጥግ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታውን ዳርቻ ትታችሁ ዛፍ ወይም ጉብታ የከለለውን ወገን ፈልጉ። እናንተ የቆማችሁት፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ሜዳው ላይ ይመስለኛል።

ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ በበጋ ጠዋት ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ነፋሱ ይነሳና ከሰዓት ይበረታል። ከአዲስ አበባ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠዋት ተነስታችሁ ብትመጡም ጥሩው ሰዓት መንገድ ላይ ያልቅባችኋል። ማታውኑ ገብታችሁ እደሩና 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ተገኙ።

ነፋሱ ቢቀድማችሁም ባቱ ከተማ ያለው የጀልባ ማቆሚያ አለላችሁ። አሣ አጥማጆቹ አሣ የሚያጸዱት እዚያው ነው። አባ ኮዳው ራሰ በራውን ይዞ ከሰዎቹ እግር ሥር ይቆማል፣ ፔሊካኖቹ ጉረሯቸውን እንደ ዘንቢል ከፍተው ይጠብቃሉ። እነዚህ የሚያዩት ቢላዋውን እንጂ ሰማዩን አይደለም፣ ስለዚህ ነፋስ ነፈሰ ብለው አይሄዱም።

አሁን ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ልንገርሽ። ወፍ በነፋስ ጊዜ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው የሚቆመው፣ አለዚያ ላባው ይገለባበጥበታል። ሲነሳም ወደ ነፋሱ ነው የሚነሳው። አንቺ ነፋሱን ከጀርባሽ አድርገሽ ከቆምሽ ፊታቸውን ታያለሽ፣ ሲበሩም ወደ አንቺ አቅጣጫ ይነሳሉ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩን ትንሽ አሣ አጥማጅ ወፍ ፈልጊ፣ ዝዋይ ላይ ሞልቷል። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ አየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ይላል፤ ክንፉ ይርገበገባል፣ ጅራቱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። እኔ በበኩሌ ይህን ለማየት ነፋስ ያለበትን ቀን እመርጣለሁ።

አብያታ ላይ ነገሩ ይለያል። ትንሹ ፍላሚንጎ ምንቃሩን ገልብጦ ከውሃው ላይኛ ገጽ በዓይን የማይታይ አልጌ እያጠለለ ነው የሚበላው፤ ውሃው ከተናወጠ መብላት ይቸግረዋል። ለዚህ ነው ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ጠዋትና ሌሊት፣ ሆዱን የሚሞላው። ትልቁ ፍላሚንጎ ግን ጭንቅላቱን ነክሮ ከጭቃው ስለሚለቅም እንደዚያ አይቸገርም። አቧራውም ተራ አቧራ አይደለም፣ ሶዳ የሚባል ጨው አለበት፤ ዓይን ያቃጥላል። የቡልቡላ ወንዝን ጨምሮ ወደ አብያታ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ስለሚጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ስለተወሰደ ዳርቻው በጣም ሸሽቷል፣ ነጩ ሜዳ የቀረው ከዚያ ነው። መኪና ይዛችሁ ወደ ውሃው እንዳትጠጉ! ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ሥሩ ጭቃ ነው፣ ጎማ ከዋጠ ትራክተር ፍለጋ ነው። በእግር ሂዱ፣ ከመንጋውም ራቅ በሉ። ጠግበው ያልበሉ ወፎችን ለፎቶ ብሎ ማስነሳት ነውር ነው።

ባይኖኩላሩ 8 ይሁን፣ 8 በ42 የሚባለው፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 የሆነው ወፉን ያቀርባል፣ ግን የእጅሽንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል፣ ነፋስ ሲጨመርበት ወፉ ይሁን ቅርንጫፉ አይለይሽም። መኪናውን አጥፍታችሁ ክርንሽን መስኮቱ ላይ አስደግፊ። ወፎች ከቆመ ሰው ይልቅ የቆመ መኪና ይታገሳሉ። የባይኖኩላሩ መስታወት ላይ የሶዳ አቧራ ካረፈ መጀመሪያ እፍ በይበት፣ በነጠላ ጫፍ ፈትገሽ እንዳትጭሪው።

ጥያቄ፦ እኛ ጊዜ የምናገኘው ክረምት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝዋይ መሄድ ዋጋ አለው?
አስተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ የሚመጡት እንግዶች አብዛኞቹ በዚያ ወቅት የሉም፤ እነሱን ከኅዳር እስከ የካቲት ነው የምታገኟቸው። ግን ክረምት ላይ ድንቢጥ የሚያክል፣ በበጋ ቡናማ ሆኖ ማንም የማያየው ወፍ አለ፣ ወንዱ ለመራባት ደማቅ ቀይና ጥቁር ለብሶ ረጅም ሣር ላይ ደረቱን ነፍቶ ይታያል። ቡትስ ጫማና የዝናብ ልብስ ያዙና ሂዱ።