ከከባድ ነገር ለተረፋችሁ

ልጆቼ፣ ከአደጋ፣ ከጥቃት ወይም ከጦርነት ተርፋችሁ ሌሊቱን ከቅዠት ጋር ለምትታገሉ ነው የምጽፈው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወጣቶች ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያን ትዝታ ከጭንቅላቴ ያወጡልኛል ወይ?» አላወጣም። ማንም ባለሙያ አያወጣውም። የሥነ ልቦና ሕክምናው ሥራ፣ አሁንም እየሆነ ያለ የሚመስላችሁን ነገር ሆኖ ያለፈ ነገር ማድረግ ነው።

ይህ በጥድፊያ አይሆንም። አንዲት ልጅ በር ጓ ባለ ቁጥር ብርግግ ትል ነበር። መጀመሪያ ያደረግነው ወንበሯን በሩ ወደሚታያት ቦታ ማዞር ነው። ስለዚያ ቀን አላነሳንም። ልቧ መምታት ሲጀምር እግሯን ወለሉ ላይ አጽንታ፣ በዓይኗ የምታየውን አንድ በአንድ መጥራት ተለማመደች፦ መስኮት፣ መጋረጃ፣ ጠረጴዛ። ታሪኩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ እሷ በፈቀደችው መጠን። በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም ዘርግፊው» የሚላችሁ ባለሙያ ከገጠማችሁ፣ ሌላ መፈለግ መብታችሁ ነው።

ግን መሸሽም አያድንም። ያን መንገድ መተው፣ ያ ወሬ ሲነሳ መውጣት ለጊዜው ያሳርፋል። አእምሮ ደግሞ «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ ፍርሃቱም እየሰፋ ይሄዳል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤድና ፎዋ ያዳበረችው ሕክምና ይህን ነው የሚሰብረው፦ ትዝታውንና የሚፈራውን ቦታ ከባለሙያ ጋር ሆኖ፣ ቀስ በቀስ፣ ደጋግሞ መጋፈጥ። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። ሌላዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፓትሪሺያ ሪሲክ ያዘጋጀችው ሌላው መንገድ በተለምዶ 12 ቀጠሮ ነው፤ እሱ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ሐሳብ መርምሮ ይፈትሻል። ይህን ሐሳብ ከጥቃት ከተረፉ ሰዎች አፍ ስንቴ እንደሰማሁት! አሁንም ያመኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣትና መደንገጥ ያለ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው በራሱ ጊዜ ያገግማል። ከወር ካለፈና ትምህርታችሁን ወይም ሥራችሁን ከያዘባችሁ ግን ወደ ባለሙያ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወር መቁጠር የለም፤ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ትዝታውን መንካት ስትጀምሩ ለጥቂት ጊዜ ሊብስባችሁ ይችላል። ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚህ ጋ ነው። መቅረት ባሰኛችሁ ቀን ኑና «ዛሬ መምጣት አልፈለግሁም ነበር» በሉን። ከዚያው እንጀምራለን።