«ልጄ ቀን ተኝታ ሌሊት ነቅታ ታድራለች» ላልሽው እህቴ

የ2 ወር ተኩል ልጅሽ ቀን ለሽ ብላ ሌሊት ዓይኗን አፍጥጣ እንደምታድር አነበብኩ። የኔም ልክ እንደዚያው ነበረች። እኔ የከሰርኩትን አንቺ አትክሰሪ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. መጋረጃውን ግለጪው። እኛ ብርድና ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳይበላት ተብሎ እስከ ክርስትናዋ 80 ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ከረምን። ለክትባት ካልሆነ ደጅ አልወጣንም። ልጅ ሲወለድ ግን ቀንና ሌሊት አይለይም። ይሄ የሚስተካከልለት ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ነው፤ ለዚህም የሚያግዘው የቀን ብርሃን ነው። እኔ ቀኑን አጨልሜባት ሌሊት ለምን አትተኛም እላለሁ!

2. ጠብታ አትግዢ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰልፌ 6 ሰዓት ገባሁ። ባለሙያዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «የመጀመሪያሽ ነው አይደል?» አለችና የሆድ ጠብታ ጽፋ ሸኘችኝ። ቀን የት ነው የምትተኛው ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ያን ሌሊት ልጅቷ ተኛችልኝ! ጠብታው መስሎኝ ሮጬ ሁለተኛ ጠርሙስ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ ወፍ የለም። ሳምንት ሙሉ ሳስብ ነው የገባኝ፦ ያን ቀን ተራ ስንጠብቅ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ፣ የቀን ብርሃን ውስጥ፣ ለ4 ሰዓት ያህል ተቀምጠን ነበር። ሰልፉ ነው ያስተኛት!

በቁጥር መዘርዘሩን ልተወውና በቃ የማደርገውን ልንገርሽ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዝያት ጣና ዳር እወርዳለሁ። ዘንባባ ጥላ ሥር እንቀመጣለን፣ ታንኳ እናያለን። ጥላ ሥር ያለው ብርሃን የቤት አምፖልን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ክረምት ቢደምንም እንኳ። ግን ቅቤ ቀብተሽ ቀትር ላይ እንደ በርበሬ እንዳታሰጫት! ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትፋጃለች። ሳይመሽም ግቢ፣ የወባ ትንኝ የሚነሳው ያኔ ነው። ሌሊት ጡት ስታጠቢ ደግሞ መብራቱ ደብዘዝ ይበል፣ ወሬም ስልክም አይኑር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ለጡት ሁለቴ ብቻ መነሳት ጀመረች። ትኩሳት ካላት ወይም ጡት እምቢ ካለች ግን ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ እሱ ሌላ ነው።

አማቴ መጀመሪያ «ልጄን ብርድ አስመታሻት» ብለው አኩርፈውኝ ነበር። አሁን 2 ሰዓት ትንሽ ካለፈ «ዛሬ አትወጡም እንዴ?» እያሉ የሚያጣድፉኝ እሳቸው ናቸው።