የመሥራቿን ቀን በጣና ዳር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሴት ስካውቶች ክበብ አስተባባሪ ነኝ። የካቲት 15 ቀን በጣና ዳር ችግኝ ተክለን መሥራቿን ልናስብ ነው። ግማሾቹ ልጆች «ጁሊየት ሎው ናት»፣ ግማሾቹ «አግነስ ናት» ይላሉ። የትኛዋ ናት? ለተከላውስ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። አግነስ ቤደን ፓወል በ1910 በብሪታኒያ የልጃገረዶቹን ማኅበር ከወንድሟ ከሮበርት ጋር መሠረተች። ጁሊየት ጎርደን ሎው ደግሞ በማርች 12 ቀን 1912 ሳቫና ከተማ ላይ 18 ልጃገረዶች ሰብስባ የአሜሪካውን ጀመረች (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካቲት 15 ግን የሁለቱም ልደት አይደለም፤ ሮበርትና ባለቤቱ ኦላቭ የተወለዱበት ፌብሩዋሪ 22 ነው፣ ከ1926 ወዲህ የዓለም ልጃገረዶች የሚተሳሰቡበት ቀን። ጁሊየትን ለብቻዋ ካላችሁ ልደቷ ጥቅምት 21 ይውላል። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም.፣ ሁለቱም ቀኖች በአንድ ቀን ይቀድማሉ፤ ባነር ሳታሳትሙ አረጋግጡ።

ችግኙን ግን በየካቲት አትትከሉ። ቀጣዩ ዝናብ ወራት ይቀረዋል፤ ሥሩ ሳይሰድ ይደርቃል። ጉድጓዱን በግንቦት 40 ሴንቲ ሜትር በ40 ቆፍሩ፣ የላይኛውን ለም አፈር ለብቻ አስቀምጡና በሐምሌ ስትተክሉ እሱን ከሥር መልሱ። ፕላስቲኩን አፈሩ ሳይፈርስ ቀዳችሁ አውጡ፤ በችኮላ ከነፕላስቲኩ የሚቀበረው ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ ይቀራል። በዘመቻ ተከላ በጣም የሚያናድደው ይኸው ነው።

ቦታ ስትመርጡ በግንቦት ደረቅ መሆኑ አያታላችሁ። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የምትተክሉት ዋንዛ ከሆነ ደግሞ ውኃ የተኛበት መሬት አይወድም። ውኃው የሚደርስበትን ለደንገል ተዉለት፣ ዋንዛውን ከዚያ በላይ ባለው ላይ አምስት አምስት ሜትር አራርቁ። ለከብት እሾህ እጠሩ። ቀበሌውንም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ታዲያ የካቲት 15 ምን ይሠራል? በሐምሌ የተተከለውን ማጠጣት፤ ለሁለት ችግኝ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ እስከ ክረምት በየሳምንቱ። ግንዱን ሳይነካ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፣ የሞተውንም ቆጥራችሁ ለሐምሌ መተኪያ አስመዝግቡ። ሻማ የምታበሩ ከሆነ ከሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ይሁን። የመሥራቿን ስም የያዘውን ሰሌዳ በዛፍ ላይ በሚስማር አትምቱ፣ የራሱ ምሰሶ ይቁምለት።