የአያት ማውዘር ለምን ይበትናል?

ወንድሜ፣ የባለቤትህ አያት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይዘውት የመጡት፣ በኋላም እንጨቱ ተቆርጦ ለአጋዘን አደን የተበጀው የጀርመን ማውዘር በ100 ያርድ ላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበትንብኛል፤ በርሜሉን ላስቀይር ወይስ አዲስ መነጽር ልግዛ ብለሃል። ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። በእጄ ያለፉት እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች በአብዛኛው የታመሙት በርሜላቸው ሳይሆን እንጨታቸውና ጥይታቸው ነበር።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው የሚጎርሰውን ጥይት አረጋግጥ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የማውዘሩ 8×57 ጥይት (የአረሩ ውፍረት 8፣ የቀለሁ ርዝመት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ) እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የጥይት ማረፊያውን አስቦርቡረው 8ሚሜ-06 ለሚባለው ረዘም ያለ ጥይት ያስቀየሩ አሉ፤ ይህም ሁልጊዜ በርሜሉ ላይ አይጻፍም። የተኮስከውን ቀለህ ካልተተኮሰው ጎን አቁመህ አስተያይ። ትከሻው (ቀለሁ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) ወደ ፊት ተገፍቶ አንገቱ ካጠረ ወይም ቀለሁ ከተሰነጠቀ፣ አንድም ጥይት ሳትጨምር ለጠመንጃ ባለሙያ ስጠው። ደህና ቢመስልህም አሮጌ መሣሪያ ነውና መቀርቀሪያውን በመለኪያ ያስፈትሹልህ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ጠመንጃውን ባዶ አድርገህ ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትሽ። እንጨት በዓመታት ይኮማተራል፤ ያኔ ብሎኑ የጠበቀ መስሎ ብረቱ ከጥይት ካዝናው ጠርዝ ጋር ይጋጠምና እንጨቱ ላላ እንዳለ ይቀራል። ይህ ከሆነ በተኮስክ ቁጥር ብረቱ በሌላ ቦታ ያርፋል፣ ጥይቱም ይበተናል። ቀጥሎ ቀጭን ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ወደ ኋላ ሳበው። በአንድ ጎን ብቻ ከተያዘ እንጨቱ በርሜሉን እየገፋው ነው፤ እዚያን ቦታ በመጠኑ መሞረድ ነው። የብረቱ ማረፊያ ዘይት ጠጥቶ ከላላ ግን በኤፖክሲ (በሚደድር ጠንካራ ሙጫ) የሚያስተካክል ባለሙያ ፈልግ። ወጪው ከአዲስ በርሜል በብዙ ያንሳል።

የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖችም አትርሳ። በርሜሉን ደግሞ የመዳብ ዝቃጭ በሚያነሳ ፈሳሽ፣ ጨርቁ ሰማያዊ መሆኑ እስኪያቆም ወልውለው፤ ዘንጉን ሁልጊዜ ከመቀርቀሪያው በኩል አስገባ።

ጥይቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች 8×57ን ሆን ብለው ኃይሉን ቀንሰው ይሞሉታል። ምክንያቱ የጀርመን የ1888 ሞዴል የመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎች ጠባብ በርሜል ስላላቸው ኃይለኛ ጥይት እንዳይጎዳቸው ነው። በአንተ ጠመንጃ በርሜል ውስጥ ያለው፣ አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ በ24 ሳንቲ ሜትር አንድ ዙር ይዞራል፤ ጀርመኖቹ ይተኩሱበት የነበረውም 12.8 ግራም የሚመዝን ረጅም አረር ነበር። ስለዚህ በርሜሉና መቀርቀሪያው ከተፈተሹ በኋላ ከአውሮፓ የሚመጣውን ከበድ ያለ አረር ሞክር። (አገራችን በልጅግ የምንለው የቤልጅየም ማውዘርም የሚጎርሰው ይህንኑ 8×57 ነው።) ከጦርነት የተረፈ ርካሽ ጥይት ከተኮስክ ግን የማቀጣጠያው ጨው ብረት ይበላልና በርሜሉን በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ እጠበው።

አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈህ፣ በርሜሉን እያቀዘቀዝክ አምስት ጥይት ተኩስ። ሦስት ጥይት ያታልላል። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከገባልህ ለአጋዘን ይበቃልና ገንዘብህን ለልምምድ ጥይት አውለው። ከ10 ካልወረደ ባለሙያ የአፈሙዙን ጠርዝ አስተካክሎ ይቁረጥልህ። ስለ በርሜል መቀየር የምናወራው ይህም ካልሠራ ነው።